አሮጌዎቹ የሊማ መስኮቶች
በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ በስምንት ሆስፒታሎች የአየር ዝውውር ተለካ። ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲታተም ብልጫውን የያዙት አዳዲሶቹ ሕንፃዎች አልነበሩም።

ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው የሰፋ ክፍሎች በርና መስኮታቸው ሲከፈት አየራቸው በሰዓት 40 ጊዜ ያህል ይለወጣል። በአዳዲሶቹ 17፤ ውድ የአየር ማዘዋወሪያ ማሽን በተገጠመላቸው ደግሞ 12 ብቻ!

የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ሲያስል የሚረጩት ደቃቅ ቅንጣቶች አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ንጹሕ አየር ሲገባ ይሳሳሉ፣ ይወጣሉም። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት፣ ሕክምና ካልጀመሩ ታማሚዎች ጋር 24 ሰዓት ከቆዩ ሰዎች መካከል በማሽኑ ክፍል 39 በመቶ፣ በአሮጌው 11 በመቶ ይያዛሉ።

ነፋስ ይመታኛል ብለው የታክሲ መስኮት የሚዘጉ አድማጮች፣ እባክዎ ትንሽ ከፈት ያድርጉት።