በጓዳ የተደበቁ ሕፃናት



በልደታ ቤት ለቤት ስንጎበኝ፣ ጭንቅላታቸው ከዕድሜያቸው በላይ ያደገ ሕፃናትን በጓዳ ተደብቀው አግኝተናል። እናቶቻቸው «እርግማን ነው» ተብለዋል፤ ቃሉ ከምእመናን አፍ ጭምር መውጣቱ ያሳፍረናል። ነገሩ ግን ውኃ ነው። በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ ዘወትር ይመነጫል፤ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል። መውረጃው ሲዘጋ ይጠራቀምና የሕፃኑን ልል አጥንት ይገፋል።

ብዙውን ጊዜ ሐኪሞች ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ይቀብራሉ። አልፎ አልፎ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ገና በማኅፀን ሳለ ደም ቅዳው በቀጥታ ከደም መልሱ ጋር ይገናኛል፤ ደም መልሱም እንደ ፊኛ ተነፍቶ ፈሳሹን ያግዳል፤ ልብም ይደክማል። ለእንዲህ ያለው ሕፃን ቱቦውን ማስቀደም ሊጎዳ ይችላል፤ የሚመረጠው በብሽሽት ደም ሥር በኩል ገብቶ የተሳሳተውን መገናኛ መድፈን ነው። ይህ ሕክምና በሁሉም ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ሐኪሙ «መጀመሪያ በአልትራሳውንድ እንየው» ሲል አንገላታን አትበሉ። እኛ አንድ ጊዜ ብለን ነበር፤ ተሳስተናል።

በሰፈራችን ያለው ጥቁር አንበሳ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዘውዲቱ መታሰቢያም እነዚህን ሕፃናት ያክማል።

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ከቅንድብ በላይ ዙሪያውን በየወሩ ለክታችሁ ጻፉ። እርግብግቢቱ ከተወጠረ ወይም ዓይኑ ወደ ታች ብቻ ካየ፣ ነገ አትበሉ። እናቲቱንም ብቻዋን አትላኩ፤ አንድ ሰው ወረፋ ይያዝላት፣ የታክሲውንም ክፈሉላት።