ኮዳው እንዳይንኳኳ



የአዲስ አበባው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት፣ ከሥጋ ቤቶቹ በአንዱ ደጃፍ ቡናቸውን የሚጠጡ አንድ ጡረተኛ አየር ወለድ ነበሩ። ሰፈሩ «ሻምበል» ይላቸዋል። የኮማንዶ ፊልም ሲከፈት ጀርባቸውን ይሰጣሉ። «ልዩ ኃይል ጡንቻ መስሏችኋል፤ እኛን መጀመሪያ ያስተማሩን ዝምታ ነው» ይላሉ። ቀጥለውም ያስረዳሉ፦ ኮዳው በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ዝናሩ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወታደሩ ባለበት ይዘላል። ኮሽ ካለ ሁሉም እንደገና ይታሰራል።

የሚያደንቁት ግን ቀደምቶቻቸውን ነው፤ ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተውን ቃኘው ሻለቃ። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፎ በሌሊት ቅኝት ስም አተረፈ። ተከታትለው ከዘመቱት ሻለቆች ከ120 በላይ ሰው ተሠዋ፤ አንድም ምርኮኛ ግን ለጠላት አልተተወም። እኛ በዚህ እንኮራለን፣ ደግም እናደርጋለን። ቁስለኛ ጓድን በጨለማ ተሸክሞ ኮረብታ መውረድ ምን እንደሚመስል ግን ማን ጠይቆ ያውቃል?

አንድ ቀን ስለ ዛሬው ጦርነት ድሮን አነሳሁባቸው። «የዩክሬኑን በቴሌቪዥን አየሁ። ሌሊቱ እንኳ አይሸሽግህም፤ የገላህን ሙቀት ያዩታል» አሉ። ያበሳጫቸው ግን መሣሪያው አይደለም፤ የአገዳደሉ ቪዲዮ ዘፈን ተጭኖበት በስልክ መዞሩ ነው።

«ልጄ፣ በሚሞት ሰው ላይ ዘፈን የሚጭነው ማነው?» አሉኝ።

ዩክሬን ሩቅ ነው እንዳንል፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በየስልካችን የዞረውን እናስታውሳለን። እኔም ለሰው አስተላልፌያለሁ።