የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ዓይኑ ሳያመው ስለ ማስመርመሩ የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አጭር ነው፤ ነገር ግን በሰው ልብ ለመግባት አስቸጋሪ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ዓይኑ ደኅና ሆኖ ሳለ፥ አጥርቶ እያየ፥ ምንም ሳያመው ወደ ዓይን ሐኪም ሄዶ መመርመር ይገባዋል ማለት ነው። የታመመውን ሰው ወደ ሐኪም ሂድ ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ሕመሙ ራሱ መካሪ ይሆነዋልና። ደኅና ነኝ የሚለውን ሰው ግን ከእርሻውና ከገበያው አንሥቶ ወደ ከተማ ለመላክ የተከበረና የሚታመን ሰው ቃል ያስፈልጋል። ንግግሬን ለእናንተ ማድረጌም ስለዚህ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን የዓይን በሽታ እንግዳ አይደለም። በመላ አገሪቱ ተደርጎ በ2006 የተገለጠው ጥናት፥ ከመቶው ሕዝብ 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን አስታወቀ፤ ከእነዚህም እኩሌታ የሚያህሉት በዓይን ሞራ፥ ከመቶ 11.5 የሚሆኑት ደግሞ በትራኮማ የተጎዱ ነበሩ። እነዚህን ሁለቱን በሽታዎች ሕዝባችን ጠንቅቆ ያውቃቸዋል፤ ከእነርሱም ሁለት ነገር ተምሮአል። ከትራኮማ የተማረው፥ የታመመ ዓይን ይቆረቁራል፥ ያለቅሳል፥ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይወጋል የሚል ነው። ከዓይን ሞራ የተማረው፥ ዓይን ቢጋረድም ሐኪም በቀዶ ጥገና ሞራውን ሲያወጣው ብርሃኑ ይመለሳል የሚል ነው። ሁለቱም በየቦታቸው እውነት ናቸው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን በእነዚህ ተማምኖ ቢጠብቅ ይጎዳል፤ ስኳር በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጥፋት አያምምምና፥ የጠፋውንም ብርሃን ሐኪም ብዙ ጊዜ ሊመልሰው አይችልምና።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ልግለጥላችሁ። በዓይን ውስጥ፥ በስተኋላው ግድግዳ ላይ፥ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልክ ስስ ሽፋን አለ፤ ሐኪሞች ሬቲና ይሉታል። ይህን ሽፋን ከሚመግቡት የደም ሥሮች ብዙዎቹ ከጠጉር የቀጠኑ ናቸው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለብዙ ዓመት ከልኩ በላይ ሲሆን የእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ይደክማል። አንዳንዱ እንደ ትንሽ ፊኛ ይነፋል፥ ደምና ቅባት ያለበት ውሃም ያፈስሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይደፈንና ሽፋኑን ያስርበዋል። የተራበው ሽፋን አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልለት ያደርጋል። አዲሶቹ ሥሮች ግን ጥንካሬ የላቸውምና በቀላሉ ይበጠሳሉ፤ ደማቸውም የዓይኑን ውስጥ ይሞላዋል። አብሮአቸው የሚያድገው ጠባሳ ሲኮማተርም ሬቲናውን ከግድግዳው ይገነጥለዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ለምን አይሰማውም? ሬቲና ሕመም የሚሰማው አካል ስላልሆነ ነው። ደግሞም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በዳር በዳር ይጀምራል። ፊደል የምናነብበት የሬቲና መካከል የጤፍ ፍሬ የምታህል ቦታ ናት፤ እርሷ እስካልተነካች ድረስ ሰውየው መጽሐፉን ያነብባል፥ ሴትዮዋም በመርፌ ቀዳዳ ክር ታስገባለች። አንደኛው ዓይን ቢደክም እንኳ ሁለተኛው ይሸፍንለታል፤ በአንድ ዓይን ብቻ ሲያይ መኖሩን ያላወቀ ሰው ብዙ ነው።

እዚህ ላይ መምህራንን በተለይ አስጠነቅቃለሁ። በትምህርት ቤት የተማሪ ዓይን የሚለካበት፥ ከላይ ትልልቅ ከታች ትንንሽ ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ ይህን ዓይነቱን መለኪያ ስኔለን የሚባል የሆላንድ ሐኪም በ1862 አወጣው። መልካም መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚለካው ያችን የጤፍ ፍሬ የምታህለውን ቦታ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የመጨረሻውን መሥመር አንብቦ ሳለ፥ በዚያው ቀን የዓይኑ ውስጥ በደከሙና በሚያፈስሱ ሥሮች ተሞልቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ሰሌዳውን አነበበ፤ ዓይኑ ደኅና ነው» ብላችሁ አትመስክሩለት። የዓይንን ውስጥ ለማየት የጀርመኑ ሊቅ ሄልምሆልትዝ በ1851 ያስታወቀው መሣሪያ መንገድ ከፈተ፤ ዛሬም ሐኪሙ በብሌኑ በኩል ብርሃን አስገብቶ፥ ወይም በልዩ ፎቶግራፍ ማንሻ፥ ሬቲናውን ያያል። መነጽር መግዛትም ይህን ምርመራ አይተካም። እንዲያውም ስኳሩ ከፍና ዝቅ በሚልበት ወራት የዓይን ሌንስ አብሮ ይለዋወጣል፤ በዚያ ጊዜ መነጽር የገዛ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ «አልሆነኝም» ይላል፤ ገንዘቡም በከንቱ ይቀራል።

«ታይቶስ ምን ይደረጋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ተገቢ ነው። በአሜሪካ ሐኪሞች ከ1,700 የሚበልጡ የስኳር በሽተኞችን ሰብስበው፥ የእያንዳንዱን አንደኛ ዓይን በብርሃን ጨረር ሲያክሙ ሁለተኛውን ሳያክሙ ይከታተሉት ነበር። አንዱ ሰው ለራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው። በ1976 ውጤቱ ሲታይ ሕክምናው ከባድ የዓይን ጥፋትን በእኩሌታ ወይም ከዚያም በላይ ቀነሰ፤ ልዩነቱም እጅግ ግልጥ ስለ ነበረ የጥናቱ ሥርዓት ተለውጦ፥ ሳይታከሙ ከቆዩት ዓይኖች አደጋ ያለባቸው እንዲታከሙ ተደረገ። ዛሬ ከጨረሩ ሌላ በቀጭን መርፌ ወደ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ሲሰሙት ያስፈራል፤ ነገር ግን ዓይኑ አስቀድሞ እንዲደነዝዝ ይደረጋል። መርፌው አንዳንድ ጊዜ ከደበዘዘው ብርሃን ጥቂት ይመልሳል፤ ጨረሩ ግን የቀረውን ይጠብቃል እንጂ የሄደውን አያመጣም። ቀድሞ መሄድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገር ከ2003 ጀምሮ፥ ዕድሜው 12 ዓመት የሞላ የስኳር በሽተኛ ሁሉ ለዓይን ፎቶግራፍ በየጊዜው የሚጠራበት ሥርዓት ተዘረጋ። በእንግሊዝና በዌልስ ለሥራ በደረሱ ሰዎች ዘንድ ስኳር ለ50 ዓመት ያህል የዓይነ ስውርነት ዋና ምክንያት ሆኖ ኖሮ ነበር፤ የ2009ና የ2010 መዝገብ ሲመረመር ግን ከፊተኛው ቦታ ወርዶ ተገኘ። ሊቃውንቱም ይህን ምርመራና የስኳሩን አያያዝ መሻሻል ከምክንያቶቹ መካከል ቈጠሩአቸው።

ጊዜውን በሚመለከት፥ በጎልማሳነት የሚይዘው የስኳር በሽታ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፥ በሽታው በታወቀበት ጊዜ ዓይን ወዲያው ይታያል፤ ከዚያም በየዓመቱ። ከመጀመሪያው ኢንሱሊን የሚያስፈልገው፥ ብዙ ጊዜም በልጅነት የሚመጣው ዓይነት በያዘው ሰው ግን የመጀመሪያው ምርመራ በ5 ዓመት ውስጥ ይደረጋል። ስኳር ያለባት ሴት ስታረግዝ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ትመርመር፤ እርግዝና ጉዳቱን ያፋጥነዋልና። ጊዜውን ማራዘም የሐኪሙ ፈንታ ነው። በዓይኑ ፊት ዝንብ የሚበርር ወይም የሸረሪት ድር የተንጠለጠለ የሚመስለው፥ ቀጥ ያለውም መሥመር ጠምዝዞ የሚታየው ሰው ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይሂድ። ስኳርንና የደም ግፊትን መጠበቅም አይቀርም፤ በ1993 በአሜሪካና በካናዳ የተፈጸመው ጥናት፥ ኢንሱሊን ከሚወስዱትና ዓይናቸው ገና ካልተነካ ሰዎች መካከል ስኳራቸውን አጥብቀው የያዙት ጉዳቱ የሚደርስባቸው ከሌሎቹ ከመቶ 76 ያነሰ መሆኑን አሳየ።

ሽማግሎች ሆይ፤ በቤተ ዘመድ ምክር ላይ «ደኅና ለሆነ ሰው የመንገድ ገንዘብ ለምን ይወጣል?» የሚል ቃል ሲነሣ የእናንተ ድምፅ ይሰማል። ያን ጊዜ ሌላውን ወጪ አስቡ። ዓይኑ የጠፋ አባት መሪ ያስፈልገዋል፤ መሪውም ብዙ ጊዜ የልጅ ልጁ ነው፤ ልጁም በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ቀሪ ተብሎ ይጻፋል። መምህሩ ይህን ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን ሁልጊዜ አያውቅም።

መምህሩ ደግሞ የሐኪሙን ወረቀት ያነብብለት፥ የሚመጣውንም ዓመት ቀጠሮ ሰውየው ከማይረሳው በዓል ጋራ አያይዞ ይጻፍለት። የሰውን በሽታ ግን በተማሪ ፊት አያንሣ። በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፥ እንዲሁም በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የዓይን ሐኪሞች አሉ፤ ስኳሩን የሚከታተልለት ጤና ጣቢያም ወደሚቀርበው ይልከዋል።

በምርመራው ቀን ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ በዓይኑ ይደረግለታል። ጠብታው ሥራውን እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ሰዓት ቅርብ ያለው ነገር ይደበዝዝበታል፥ ፀሐይም ታጥበረብረዋለች። ይህ የሚያልፍ ነው፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን «ሐኪሙ ዓይኔን አበላሸው» ብሎ ለመንደሩ ሁሉ ያወራል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ንገሩት፤ ጥላ ወይም ባርኔጣ ይያዝ፥ አንድ አዋቂም አብሮት ይሂድ፥ በዚያም ቀን መኪና አይንዳ።