በኢዮቤልዩ በዓል ቀን ስለ ዘጌ የተሰጠ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



የኢዮቤልዩ ሥርዓት በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 ተጽፎ ይገኛል። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 50ኛው ዓመት ሲገባ መለከት ይነፋ ነበር። በዚያም ዓመት ሁለት ነገር ይፈጸም ዘንድ ታዘዘ፤ አንደኛው ምድር ሳትዘራ እንድታርፍ ነው፤ ሁለተኛውም ራሱን ለባርነት የሸጠ ወንድም ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ እንዲመለስ ነው። ሰፈሩ ሰባተኛ ለሚባል ሕዝብ የሰባትን ቍጥር ማስታወስ አይከብደውም፤ የሚከብደው ሁለቱን ትእዛዝ አንድ አድርጎ መጠበቁ ነው። አንዱን ጠብቆ ሁለተኛውን የዘነጋ አገር ምን እንደሚመስል ለመመርመር ግን ዘጌን መመልከት ይበቃል።

የጣና ዳር ሰው ሐይቁን ባሕር ይለዋል፤ ባሕር ዳር የሚለውም የከተማ ስም ከዚሁ የወጣ ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን ምዕራብ ወደ ውሃው ዘልቃ የገባች ምድር ናት። በሦስት ወገን ባሕር ይከባታል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከየብስ ጋራ ተያይዛለች። በመግቢያዋ አፋፍ የምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ አለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጫካ ነው። በጫካውም ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፥ አዝዋ ማርያም፥ በትረ ማርያምና መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፥ ሌሎችም አድባራት ይገኛሉ።

ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት እንደሚነገረው፥ አቡነ በትረ ማርያም ወደዚህች ምድር በመጡ ጊዜ በትራቸው በሦስት ተከፍላ ከእርስዋ ቡና፥ ጌሾና ሎሚ በቀሉ። ስለዚህም የዘጌ ሰው ሳያርስ ከዛፍ ፍሬ እንዲኖር ኪዳን ተሰጠ ይላሉ። ከዚህ የተነሣ በሬ ጠምዶ ማረስ በዘጌ የተከለከለ ሆነ። ዳር ድንበሩን አጥር ሳያጥረው፥ ዘበኛ ሳይቆምበት፥ ጫካው በዚህ ቃል ተጠብቆ ኖረ። በጣና ዙሪያ ያለው ደጋ አብዛኛው ዛፉ ተቈርጦ እርሻ ሲሆን፥ በዘጌ ዋንዛው፥ ሰሳውና ብርብራው ለቡናው ጥላ ሆነው ቆሙ። ቡና ጥላን የሚወድ ተክል ነውና፥ ዛፉን የጠበቀ ሰው እንጀራውንም ጠበቀ። ምድርስ በዚህ በኩል ዕረፍትዋን አገኘች።

ነገር ግን የማያርስ ሰው እህሉን ከየት ያመጣል? ከገበያ ነው። የዘጌ ሰው ቡናውንና ጌሾውን ሸጦ ጤፍና ዳጉሳ ይገዛል። እንጨትና ፍሬ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ እህልና ጨው ይመለሳል። ታንኳው የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 18 ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ላለው ምድር የደንገልን መርከብ ያነሣል። ደንገል ውሃ ሲጠጣ ይከብዳልና፥ ቀዛፊው ከውሃ እንደ ወጣ አቁሞ በፀሐይ ያደርቀዋል፤ ይህን የዘነጋ ታንኳው ከነጭነቱ እየሰመጠ ይሄድበታል። ታንኳ በመሥራት ከጥንት የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። በእነርሱ ታንኳ የተሻገረው ጎረቤት ግን ለብዙ ዘመን ሲንቃቸውና ማዕዱን ሲለይባቸው ኖረ።

እዚህ ላይ የሚያሳፍረውን ነገር መሸፈን አይገባም። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰማድ አህመድ እንደ ጻፉት፥ ከ1892 እስከ 1927 ዓ.ም. ባለው ዘመን የዘጌ ባለ ቡናዎች፥ ከነዚያም መካከል ካህናት፥ ባሪያዎች ነበሩዋቸው። ቡናውን የሚለቅመውና አረሙን የሚነቅለው በነጻ ፈቃዱ ያልመጣ ሰው ነበረ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ ተሻረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያች ምድር ለበሬ ቀንበር ተከልክሎ ሳለ በሰው ጫንቃ ላይ ቀንበር ተጭኖ ነበር። ዛፉን መቍረጥ ነውር ሆኖ ሳለ ሰውን ከወገኑ ቈርጦ ማምጣት ነውር አልሆነም። ከኢዮቤልዩ ሁለት ትእዛዝ አንደኛው ተጠበቀ፤ ሁለተኛው ተረሳ።

ይህ ለዘጌ ነቀፌታ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልተነገረም። ዘጌ መልካም ሥራዋም ብዙ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በዓለም የሕይወት ክልሎች መዝገብ ሲጽፍ፥ ጫካዋም ለዚህ ክብር ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ነገር ግን መርካቶም እንደ ዘጌ አያርስም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ ገበያው ከአራዳ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ፥ በዚህ ዙሪያ የሚኖር ሕዝብ እንጀራው ሌላ ሰው ካረሰው፥ ሌላ ሰው ከተሸከመው ነው። ጤፉን ያወረደው ወዛደር፥ በርበሬውን የቀነጠሰችው ሴት፥ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት እሳት የምታነድ ልጅ፥ እነዚህ ሁሉ የገበያው ታንኳ ናቸው። ዛሬ ባሪያ የሚባል የለም፤ ነገር ግን የደከመበት ዋጋ ለሳምንት፥ ለወር የሚዘገይበት ሰው ካለ፥ ስሙ ተለወጠ እንጂ ቀንበሩ አልወረደም።

ቤተ ክርስቲያን ጉልላትዋ ሲታደስ፥ ቅጽርዋ ሲሠራ፥ ዛፍዋ ሲተከል ደስ ያሰኛል፤ ይህ የምድር ዕረፍት ነው። የኢዮቤልዩ መለከት ግን ሙሉ የሚሆነው ሰውም ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ከዚህ በዓል ወደ ቤቱ የሚመለስ ሁሉ፥ ጧፉን ከማብራቱ አስቀድሞ፥ ያልተከፈለ የሰው ድካም በእጁ እንዳለ ይመርምር፤ ቢያገኝም ያን ዕለት ይክፈል። በማዕዱ ያላስቀመጠው፥ በስሙ ያልጠራው ሠራተኛ ካለም ዛሬ በስሙ ይጥራው። የዘጌ አባቶች የዛፍን ኪዳን ለልጅ ልጅ አቈዩ፤ የዚህ ደብር ልጆች ደግሞ የሰውን ኪዳን ጨምረው ለሚመጣው ኢዮቤልዩ እንዲያደርሱ የቅዱሳን አምላክ ይርዳቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።