በመሣሪያውና በፕሮግራሙ መካከል



የድጓ ምስክር ቤት ወደ ሆነችው ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም፣ ከስማዳና ከእስቴ፣ ከዚያም አልፎ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተማሪ መጽሐፉን በዘረጋ ጊዜ፣ ከግእዙ ንባብ በላይ በቀጭን ብርዕ የተጻፉ ጥቃቅን ፊደላት ይመለከታል። እነዚህ ፊደላት ከንባቡ ጋር የሚነበቡ አይደሉም። እያንዳንዳቸው የአንድ የታወቀ የዜማ ሐረግ አጭር መጠሪያ ናቸው። ተማሪው ፊደሉን ባየ ጊዜ በቃሉ ያጠናው ሙሉ ሐረግ ይታወሰዋል። ከዚያም ጋር ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ርክርኩ፣ ድፋቱ፣ ጭረቱና ቁርጡ የት እንደሚገባ ያውቃል። ዜማው ራሱ ግን በብራናው ላይ የለም።

ይህን የምልክት ጽሕፈት በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። እንግዲህ በድጓው ሦስት ነገር ተለይቶ ይታያል፤ አንደኛው ንባቡ፣ ሁለተኛው ምልክቱ፣ ሦስተኛው ምልክቱ የሚጠራውና በሊቁ አእምሮ የተቀመጠው ዜማ ነው። ንባብ የሚያውቅና መልካም ድምፅ ያለው ሰው ቢገኝ እንኳ፣ ይህ በመካከል ያለው ዕውቀት ከሌለው ድጓውን ሊያዜም አይችልም።

የዚህ ንግግር ርእስ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኘው ይህን የመሰለ መካከለኛ ስፍራ ነው። ባለሙያዎች በመጀመሪያ ማይክሮፕሮግራም፣ በኋላም ፈርምዌር ብለው ጠርተውታል። ብዙዎች አይተውት አያውቁም፤ ነገር ግን መሣሪያው ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል የሚወሰነው ከዚያ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ከላይ ካለው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወስ ይገባል።

በ1949 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒዩተር ሥራ ላይ ያዋለው ሞሪስ ዊልክስ፣ መሣሪያው ከተሠራ በኋላ አንድ ነገር ሳያሳስበው አልቀረም። የኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ሥርዓት ያለውና የሚደጋገም አሠራር ነበረው፤ ደማሪው ክፍልም እንደዚሁ። የመቆጣጠሪያው ክፍል ግን እያንዳንዱ ትእዛዝ በራሱ ልዩ ሰርኪዩት የሚፈጸምበት፣ ሽቦው ከሽቦ የተወሳሰበ፣ አንድ ትእዛዝ ለመጨመር ብዙ ነገር የሚያስፈርስ ነበረ። ስሕተት ሲገኝም የት እንዳለ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነበረ።

ዊልክስ በ1950 በጋ ወደ አሜሪካ ተጉዞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረውን ዋርልዊንድ የተባለ ኮምፒዩተር ጎበኘ። በዚያም የመቆጣጠሪያው ምልክቶች ከዳዮድ በተሠራ ሠንጠረዥ ላይ ሲወጡ ተመለከተ። የዋርልዊንድ ሠንጠረዥ ግን ቅደም ተከተሉ የተወሰነ ነበረ። ዊልክስ ከዚህ ተነሥቶ፣ ሠንጠረዡ ራሱ እንደ ፕሮግራም ቢቆጠርስ ብሎ አሰበ። በሐምሌ 1951 በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ጉባኤ ሐሳቡን ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረበ። በ1953ም ከባልደረባው ከስትሪንገር ጋር ሆኖ ሐሳቡን አስፍቶ በጽሑፍ አወጣ።

የሐሳቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው። «ደምር» የሚለው አንድ ትእዛዝ በውስጡ ብዙ ጥቃቅን ተግባራት አሉት። ቁጥሩን ከማኅደረ ትውስታ ማምጣት፣ ወደ ሬጅስተር ማስገባት፣ ወደ ደማሪው መንገዱን መክፈት፣ ውጤቱን መልሶ ማኖር፣ ቀጥሎም የሚመጣውን ትእዛዝ መጥራት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ጥቃቅን ተግባር በሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ተደርጎ ይጻፋል። በረድፉ ላይ ያሉት ምልክቶች የትኛው በር እንደሚከፈትና የትኛው እንደሚዘጋ ይናገራሉ፤ በረድፉ ጫፍ ደግሞ ቀጥሎ የሚነበበው ረድፍ አድራሻ ይገኛል። ውጤቱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ እንደ ሆነ ወደ ሌላ ረድፍ መሻገርም ይቻላል። ስለዚህ አዲስ ትእዛዝ መጨመር ሽቦ መፍታትና መቋጠር መሆኑ ቀርቶ፣ በሠንጠረዡ ላይ ጥቂት ረድፎች መጻፍ ሆነ።

ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ወዲያው አልተስፋፋም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲፈጸም ሠንጠረዡ ብዙ ጊዜ ስለሚነበብ፣ ሠንጠረዡ ከዋናው ማኅደረ ትውስታ እጅግ የፈጠነ መሆን ነበረበት። ያን የመሰለ ፈጣንና ርካሽ ማኅደር በዚያን ጊዜ በቀላሉ አይገኝም ነበር። በማይክሮፕሮግራም የሚሠራው ኤድሳክ ሁለት በካምብሪጅ ሥራ የጀመረው በ1958 ነው።

ነገሩን ከዩኒቨርሲቲ አውጥቶ ወደ ንግድ ዓለም ያገባው አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 1964 ሲስተም 360 የተባለውን የኮምፒዩተር ቤተሰብ ባስታወቀ ጊዜ፣ ለትንሹም ለትልቁም ሞዴል የተጻፈ ፕሮግራም አንድ እንዲሆን ቃል ገባ። ትንሹ ሞዴል 30 በውስጡ ቁጥርን የሚያመላልሰው ስምንት ስምንት ቢት እየከፋፈለ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ግን ሠላሳ ሁለት ቢትና ከዚያም በላይ በአንድ ጊዜ ያስተላልፉ ነበር። ሰውነታቸው እንዲህ የተለያየውን መሣሪያዎች አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ያደረጋቸው በየውስጣቸው የተቀመጠው ማይክሮፕሮግራም ነው። ከትልልቆቹ መካከል እንደ ሞዴል 75 ያለው ለፍጥነት ሲባል በሽቦ ብቻ ተሠርቷል።

ማይክሮፕሮግራሙ የተጻፈበትም ዕቃ የተለያየ ነበረ። በእንግሊዝ አገር በሃርስሊ ቤተ ሙከራ የተነደፈው ሞዴል 40 በጥቃቅን ትራንስፎርመሮች የሚነበብ ማኅደር ነበረው። በሞዴል 30 ግን የተሠራበት ተራውን የፐንች ካርድ የመሰለ የፕላስቲክ ካርድ ሲሆን፣ ቀዳዳ መኖሩና አለመኖሩ በካፓሲተር ዘዴ ይታወቅ ነበር። ስሕተት ሲገኝ የጥገናው ባለሙያ አሮጌውን ካርድ አውጥቶ አዲሱን ያገባል። ከዚህም ሌላ ታላቅ ጥቅም ተገኘ። አይ ቢ ኤም ቀደም ሲል ከ10,000 በላይ የ1401 ኮምፒዩተሮችን ሠርቶ ነበር፤ ደንበኞቹም ለዚያ የጻፉትን ፕሮግራም ለመጣል አልፈቀዱም። በሞዴል 30 ውስጥ የ1401ን ጠባይ የሚያስመስል ማይክሮፕሮግራም ስለ ተጨመረ፣ አሮጌው ፕሮግራም በአዲሱ መሣሪያ ላይ እንዳለ ሠራ።

በ1967 አሸር ኦፕለር የተባለ ባለሙያ ዳታሜሽን በተባለው መጽሔት ላይ ለዚህ መካከለኛ ነገር «ፈርምዌር» የሚል ስም አወጣለት። እንደ ሃርድዌር የማይነቃነቅ፣ እንደ ሶፍትዌር በየጊዜው የሚለዋወጥ ያልሆነ፣ ጸንቶ የሚቀመጥ ግን ሊለወጥ የሚችል ማለቱ ነበር። ሊለወጥ የሚችል መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አስከተለ፤ በየአገሩ ወዳለው መሣሪያ አዲሱን ማይክሮፕሮግራም እንዴት ማድረስ ይቻላል? አይ ቢ ኤም ለዚህ ሲል በ1971 አንድ ተጣጣፊ መግነጢሳዊ ሰሌዳ አወጣ። በኋላ በየቢሮው ደብዳቤና ሪፖርት የተቀመጠበት ዲስኬት በመጀመሪያ የተፈጠረው ማይክሮፕሮግራም ለማመላለስ እንደ ነበረ ብዙ ሰው አያውቅም።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሐሳቡን የሚነቅፉ ተነሡ። በርክሌይ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ፓተርሰንና ባልደረቦቹ፣ ትእዛዞቹ ጥቂትና ቀላል ቢሆኑ በመካከል የሚቀመጠው ሠንጠረዥ ሳያስፈልግ መሣሪያው ይፈጥናል በማለት ተከራከሩ። ክርክራቸው ብዙ እውነት ነበረው። ሆኖም በ1994 ኢንቴል የሠራው ፔንቲየም የተባለው ቺፕ ቁጥር ሲያካፍል እንደሚሳሳት ተገለጠ። ምክንያቱም በቺፑ ላይ ተቀርጾ በቀረ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አምስት ቦታዎች ባዶ ሆነው ስለ ተገኙ ነው። ስሕተቱ ከላይ ሊታረም ስላልቻለ ቺፑን መለወጥ ግድ ሆነ፤ ኩባንያውም ለዚህ 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ፔንቲየም ፕሮ ማይክሮፕሮግራሙን ከውጭ ማረም እንዲቻል ሆኖ ተሠራ። ስለዚህ በ2018 በዓለም ያሉ ቺፖች ምስጢር እንደሚያሾልኩ በታወቀ ጊዜ፣ መድኃኒቱ በከፊል የተላከው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምኗ ነው የሚል ይኖራል። ኮምፒዩተር ወደ አገሪቱ የገባው በ1960ዎቹ ሲሆን፣ መካከለኛው ስፍራ ተጽፎና ታሽጎ ነበር። ፊደሉ ግን በዚያ ውስጥ አልነበረም። በ1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር በጽሑፍ ሲሠራ በመስኮቱ ላይ የሚታዩትን ቅርጾች የሚያወጣው በአንዲት ቋሚ ማኅደረ ትውስታ ከተቀረጹ 256 ምስሎች ነበር። ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩበት ለላቲኑ ስፍራ አይተርፍም። ከሀ እስከ ፐ የቆጠረ ሕፃን የሚያውቀውን፣ በዚያ ዘመን እጅግ የረቀቀው መሣሪያ አያውቀውም ነበር ማለት ነው።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ቫን ሱዋኑኩል የተባለ የታይላንድ ተወላጅ የመመረቂያ ጽሑፉን በአገሩ ፊደል ለመጻፍ ብሎ የሠራው የሥዕል ካርድ፣ በ1982 ሄርኩለስ ተብሎ በዓለም ተሸጠ። በ1984 ደግሞ የፊደል ምስል ከውጭ ሊጫንበት የሚችል የማሳያ ካርድ ከአይ ቢ ኤም ወጣ። የታሸገው በር እንዲህ በተከፈተ ጊዜ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች አልዘገዩም። ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ፣ አቶ ፍሥሐ አጥላው ዳሸን በተባለው ሥራቸው፣ በአዲስ አበባም አጋፋሪን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር አገቡት። ነገር ግን አንዱ «ለ»ን በአንድ ቁጥር፣ ሌላው በሌላ ቁጥር ስለ ተከለ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆን ነበር። አንድ የጋራ ሥርዓት የተገኘው በ1999 ፊደሉ በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም በገባ ጊዜ ነው።

ዛሬ ከነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ገበሬ በእጁ የያዘው ስልክ በአማርኛ ቢጽፍለት፣ አንድ ሰው በአንድ ስፍራ በፈርምዌሩ ውስጥ ስለ ጻፈለት ነው። በካርድ የሚሞላው የመብራት ቆጣሪ፣ በጤና ጣቢያ ያለው የምርመራ መሣሪያ፣ የውኃ ፓምፑ መቆጣጠሪያ ሁሉ በውስጣቸው እንዲሁ የተጻፈ ነገር አለ። መሣሪያው ሲበላሽ ሽቦውን የሚያይ ባለሙያ አይጠፋም፤ ሶፍትዌሩንም የሚያውቅ እየበዛ ነው። መካከለኛውን ግን የሚያነብ ጥቂት ነው። ብዙው ፈርምዌር የተቆለፈና የአምራቹ ማኅተም ያለበት ስለ ሆነ፣ ቁልፉ ሌላ አገር ይቀራል። አምራቹ ሥራውን ሲያቆም ወይም ሞዴሉን ሲተወው፣ አካሉ ደኅና የሆነ መሣሪያ ከመጋዘን ይጣላል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ከባለሙያው ይጠበቃል። አንደኛው፣ መሣሪያ ሲገዛ የፈርምዌሩ ሰነድና የማደሻው መንገድ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው፤ ዕቃው ከመጣ በኋላ የሚጠይቅ ገዢ ዘግይቷል። ሁለተኛው፣ በየትምህርት ቤቱ የመቆጣጠሪያውን ሠንጠረዥ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ በእጅ እየጻፉ ማስተማር ነው። ዊልክስ በወረቀት የሣለው ያ ሠንጠረዥ ውድ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ ተማሪው አንድ ጊዜ በእጁ ከጻፈው በኋላ ግን ማናቸውም የታሸገ መሣሪያ ለእርሱ ፍጹም ምስጢር አይሆንበትም።

የቤተልሔም ሥርዓት ትምህርት የሚሆነውም በዚህ ላይ ነው። በእርግጥ ሊቅና ቺፕ አንድ አይደሉም፤ ሊቁ ምልክቱን የሚፈጽመው አውቆና አስተውሎ ሲሆን፣ ቺፑ ግን የተጻፈለትን ያለ ማስተዋል ይፈጽማል። ነገር ግን በዚያ ጉባኤ ቤት ምልክቱን ማየት ብቻ ማንንም መምህር አያሰኝም። ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ እያንዳንዱ ምልክት የሚጠራውን ዜማ በመምህሩ ፊት አሰምቶ፣ ተመስክሮለት ነው የሚመለሰው። መካከለኛው ዕውቀት በማንም ሣጥን አይቆለፍም፤ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ከጽሕፈቱና ከመምህሩ አንዱ ቢጎድል ዜማው እንደሚጠፋ የጉባኤው ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። በኮምፒዩተር ሙያ ያሉትም ይህን ማወቅ የሚገባቸው ዛሬ ነው።