ካርዱ ምጽዋት አይደለም!
(ለእብናት ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር)

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በክልላችን ሲሞከር ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ የዞናችን ፎገራ ነበረች። ነገሩ እንደ ዕድር ነው፤ ጤነኛው ለታመመው ያዋጣል። መክፈል ለማይችለው ደግሞ ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለታል።

ታዲያ «የማይችል» ማነው? ምልመላው የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው! ዘመድ የሌላት ባልቴት ከዝርዝሩ ብትዘለል ለማን አቤት ትበል? በሬዋን ሸጣ ትታከም እንዳንል፣ የሚሸጥ በሬ ቢኖራትማ መች ድሃ ትባል ነበር?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ዝርዝሩ በየዓመቱ በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ የተዘለለ አቤት ይበል፤ መልሱም በጽሑፍ ይሰጠው። የድሃ ካርድ ከሊቀመንበር ኪስ የሚመዘዝ ምጽዋት አይደለም፤ መብት ነው!