የደረቀ ሣር ሁሉ የሞተ አይደለም፦ የግቢ ሣር አያያዝ በአሶሳና በአካባቢዋ

ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል



ርእሱ ሲነገር ፈገግ ያሉ ፊቶችን አይቻለሁ። ማሽላና በቆሎ፣ ሰሊጥና ማንጎ በሚመረትበት ክልል ስለ ግቢ ሣር መናገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሣር በእኛ ዘንድ ከጥንትም ባዕድ ነገር አይደለም፤ በዓል ሲሆን እንጎዘጉዘዋለን፣ የቡናውን ረከቦት በላዩ እናኖራለን፣ የቤታችንን ጣሪያ እንከድንበታለን። ዛሬ ደግሞ በትምህርት ቤቱ፣ በጤና ጣቢያው፣ በመሥሪያ ቤቱና በመንገዱ ዳር በስፋት ይተከላል። ይህን ሣር በበጋ የሚያጠጣው ውሃ ግን ሰው ከሚጠጣው ውሃ የተለየ ምንጭ የለውም። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ውበት ብቻ ሳይሆን ስለ ውሃ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ሚዛን ነው።

ንግግሬን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት በየካቲት ወር ለሚያካሂደው የምረቃ ሥነ ሥርዓት ግቢውን አረንጓዴ ለማድረግ ፈልጎ ምክር ጠየቀኝ። ወቅቱ እንደማይመች እያወቅሁ፣ «በቂ ውሃ ካለ ይቻላል» ብዬ መለስሁ። ሣሩ ከነአፈሩ ተቆርጦ በመኪና መጣ፤ ተነጠፈም። ሁለት ሠራተኞች ጠዋትና ማታ በጎማ ሲያጠጡት ሰነበቱ። በበዓሉ ቀን ግቢው አረንጓዴ ነበረ፤ እንግዶቹም አደነቁ። ከዚያ ውሃው በፈረቃ ሆነ፤ ሚያዝያ ሲገባ የተነጠፈው ሣር ገለባ ሆኖ ቀረ። በግንቦት የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከጣሉ በኋላ ተመልሼ ሄድሁ። ያነጠፍነው አልተነሣም። በአጥሩ ሥር ግን ማንም ያልተከለው፣ ማንም ያላጠጣው ሰርዶ ለምልሞ አገኘሁት። ዛሬ የምነግራችሁን ሁሉ የተማርሁት ከዚያ አጥር ሥር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ አየር ጠባያችን ጥቂት ልበል። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት የምታገኘውም ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ይህ መጠን ለሣር አያንስም። ችግሩ አከፋፈሉ ነው። ዝናቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይወርዳል፤ የቀረው የዓመቱ ግማሽ ደረቅ ነው። በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀትሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ወደ ኩርሙክ፣ ወደ ሸርቆሌ፣ ወደ ጉባ በወረድን ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ ወለሉ በ640 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በአንድ ሺህ ሜትር ቁልቁለት ሙቀት በአማካይ በስድስት ዲግሪ ገደማ እንደሚጨምር ካሰብን፣ ለአሶሳ የተሰጠ ምክር እንኳ ለጉባ ሳይታረም አይሠራም ማለት ነው። የአዲስ አበባው ምክርማ ከሁለቱም ይርቃል።

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ላጠጣ?» ሳይሆን «የትኛውን ሣር ልትከል?» የሚለው ይሆናል። ሣሮች ከሙቀት ጋር ባላቸው ግንኙነት በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ የቀዝቃዛ አገር ሣሮች ናቸው፤ የእንግሊዝ መስክ የለመለመው በእነዚህ ነው። ሙቀት ሲበረታ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ኢንዛይማቸው ኦክስጅንን እያሳሳተ ይይዛል፤ ተክሉም የሠራውን መልሶ ያባክናል። ሁለተኛዎቹ የሞቃት አገር ሣሮች ናቸው። እነዚህ ካርቦኑን አስቀድመው ባለ አራት ካርቦን ውሕድ አድርገው በአንድ ዓይነት ሕዋስ ያጠራቅሙና ወደ ውስጠኛው ሕዋስ ያቀብሉታል። በዚህም ብክነቱን ያስቀራሉ፤ በአነስተኛ ውሃም ብዙ ይሠራሉ። ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይስማማቸዋል።

በከፍተኛ ቦታዎች በስፋት የሚተከለው የኪኩዩ ሣር ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ቢሆንም ትውልዱ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ነው። ቅዝቃዜና የማያቋርጥ እርጥበት ባለበት ምንጣፍ ይመስላል። በእኛ በጋ ግን ካልጠጣ ቶሎ ይጎሳቆላል። ሰርዶ ከዚህ ይለያል። በመሬት ላይ የሚሳብ ግንድ አለው፤ ከመሬት በታችም ሌላ ግንድ አለው። ቅጠሉ ደርቆ ሲረግፍ ሕይወቱ በታችኛው ግንድ ውስጥ ተሸሽጎ ዝናብ ይጠብቃል። ገበሬው ሰርዶን ከማሳው ነቅሎ መጨረስ አቅቶት የሚማረርበት ምክንያት ይኸው ነው። ለማሳ መርገም የሆነው ባሕርይ ለግቢ በረከት ነው።

ይህን ስል ሰርዶን እንደ ድሃ ሣር የሚያይ ሰው ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። በሞቃት አገሮች ባሉ የእግር ኳስና የጎልፍ ሜዳዎች ከታወቁት ዝርያዎች አንዱ የሆነው ቲፍዌይ 419 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በቲፍተን ከተማ ተዳቅሎ በ1960 እ.ኤ.አ. የተለቀቀ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ሰርዶ ሲሆን፣ ሌላው የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆነ የሰርዶ ዘመድ ነው። ሌሎች በብዙ ድካም ያሻሻሉት ሣር ዘመድ በአጥራችን ሥር በነጻ ይበቅላል።

ሰርዶም ቢሆን ጥላ አይወድም። አሶሳ የማንጎ ከተማ ናት፤ ጥቅጥቅ ባለው የማንጎ ጥላ ሥር ሰርዶ ለማብቀል መታገል ከንቱ ድካም ነው። ከዛፉ ሥር የረገፈውን ቅጠል ማልበስና አግዳሚ ወንበር ማኖር ይሻላል። በዚያ ፀሐይ ሰው የሚቀመጠው ከሣሩ ላይ ሳይሆን ከጥላው ሥር ነው።

ወደ አተካከሉ ስንመጣ፣ ጊዜው ዝናቡ ከረጋ በኋላ፣ ማለትም በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ነው። መሬቱ ከአረም ሥር፣ በተለይም ከእንግጫ ይጽዳ። እንግጫ በፍሬ ሥሩ ስለሚራባ ላይ ላዩን ቢታጨድ ተመልሶ ይበቅላል። ከዚያ ሁለትና ሦስት አንጓ ያላቸው የሰርዶ ቁራጮች በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ይተከሉ፤ አንድ ጫፋቸው ከአፈር በላይ ይቅር፤ አፈሩም በእግር ይረገጥ። ክረምቱ የቀረውን ሥራ ይሠራል። በሰኔ የተተከለ ሣር በጋው ሳይመጣ ሥር ለመስደድ ወራት ያገኛል። እኔ በመከርሁት ግቢ የተነጠፈው ሣር ያጣው እነዚህን ወራት ነው።

አጨዳውን በተመለከተ አንድ ሕግ ብቻ ብትይዙ ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ቁመት ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትቁረጡ። ሣሩን በ4 ሳንቲ ሜትር ልትይዙት ከፈለጋችሁ 6 ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ ማጨድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ይህ በየሳምንቱ መመላለስን ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ሣሩ እስከ ጉልበት ከደረሰ በኋላ በማጭድ እስከ አፈሩ መላጨት ነው። ሥሩን የሚመግበው ቅጠል ስለሆነ፣ ቅጠሉን ያጣ ተክል ሥሩን ያሳጥራል፤ በጋ ሲገባም የሚጠጣበት ጥልቀት አይኖረውም። በመስከረም መጨረሻ ቁመቱ ወደ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የማጨጃው ስለት ይሳል፤ የደነዘ ስለት ቅጠሉን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም።

አሁን ወደ ውሃው ልግባ፤ የንግግሬ ልብ እዚህ ነውና። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ሰርዶን በበጋ አረንጓዴ አድርጎ ለማቆየት በሳምንት 20 ሚሊ ሜትር ያህል እንስጠው እንበል። ግቢው 1,000 ካሬ ሜትር ቢሆን በሳምንት 20,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 1,000 ጀሪካን ይጠጣል። በሃያ ስድስቱ የበጋ ሳምንታት 26,000 ጀሪካን ይሆናል። በቀን ስናካፍለው ወደ 143 ጀሪካን ይጠጋል። በቀን አንድ ጀሪካን የምትደርሳቸው ከ140 በላይ ሰዎች የሚኖሩበትን ውሃ አንድ ግቢ ብቻውን ጠጣው ማለት ነው። ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉ እናቶችና ልጃገረዶች በዚያው ግቢ አጥር አጠገብ ሲያልፉ ምን እንደሚያስቡ መገመት አይከብድም።

አማራጩስ ምንድን ነው? ሣሩን ማስተኛት ነው። በሚገባ ሥር የሰደደ ሰርዶ በበጋ ቢጫ ሲለብስ አልሞተም፤ አንቀላፍቷል። በየሦስት ሳምንቱ 10 ሚሊ ሜትር ብንሰጠው የታችኛው ግንድ እንዳይደርቅ ይረዳዋል። ለዚያው 1,000 ካሬ ሜትር በበጋው ዘጠኝ ጊዜ ብናጠጣ 4,500 ጀሪካን ይበቃል፤ ከቀድሞው አንድ አምስተኛ በታች። አረንጓዴ ሆኖ መቆየት ያለበት ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ ሕፃናት የሚጫወቱበት፣ እሱን በትንሹ ለይቶ በማለዳ ማጠጣት ይቻላል። ይህም በየቀኑ ላዩን ማርጠብ ሳይሆን አልፎ አልፎ በጥልቀት ማጠጣት ይሁን፤ በየቀኑ ላዩን የሚረጥብ ሣር ሥሩን ወደ ላይ ይመልሳልና። የተኛ ሣር ግን የተረገጠበትን አያድስም፤ ስለዚህ በበጋ መመላለሻው በጠጠር ወይም በድንጋይ ይለይ።

ስለ አፈሩ ባጭሩ፤ ቀይ አፈራችን በአብዛኛው ኮምጣጣ ነው፤ ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል። ከመትከል በፊት አፈሩን ማስመርመርና እንደ ውጤቱ ኖራ መጨመር ያስፈልጋል። ዩሪያ የሚሰጥ ከሆነ በሰኔ መጨረሻና በነሐሴ፣ በየጊዜው በካሬ ሜትር 11 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ይህ 5 ግራም ናይትሮጅን ነው። ቅጠሉ ደረቅ ሳለ ይበተን፤ ወዲያው ዝናብ ወይም ውሃ ካላገኘ ያቃጥላል። የታጨደው እዚያው ቢተው ከዓመቱ የናይትሮጅን ፍላጎት እስከ ሩብ ሊመልስ ይችላል። ለፍየልና ለበግ የሚወሰድ ከሆነ ግን በምትኩ ኮምፖስት ይመለስ።

በአካባቢያችን ሁለት ነገሮች ሳይነሡ አይታለፉም፤ ምስጥና እሳት። ምስጥ የሚፈልገው የሞተውን ገለባ ነው፤ ስለዚህ የታጨደ ሣር ተከምሮ አይደር። ኩይሳ ከተሠራ ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት አድካሚ ቢሆንም የታወቀ መንገድ ነው። ቀድሞ ለምስጥ ይረጭ የነበረው አልድሪን በ2001 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ከታገዱት መርዞች አንዱ ስለሆነ ማንም እንዳይመኘው። እሳትን በተመለከተ ደግሞ በበጋ የሚነድደው ረጅሙ የዱር ሣር ነው። በቀርከሃና በሣር በተሠራ ቤት ዙሪያ አጭር ሆኖ የተያዘ ሣር የእሳቱን ነበልባል ዝቅ ያደርገዋል፤ ከአጥሩ ውጭ ግን ሙልጭ ብሎ የጸዳ መስመር ይኑር። እዚህ ላይ ጥቅሙ ከጌጥ ያልፋል።

ተማሪዎቼ ሆይ፤ ለእናንተ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ከባምባሲ፣ ከመንጌ፣ ከሸርቆሌና ከኩርሙክ የሰርዶ ቁራጮችን ሰብስቡ፤ በአንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ትከሉ፤ ውሃ ከልክላችሁ የትኛው ዘግይቶ እንደሚተኛና የትኛው ፈጥኖ እንደሚነቃ መዝግቡ። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማስመሪያ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ለዚህ አገር የሚሆነውን ሣር የሚነግረን እንዲህ ያለው መዝገብ ነው።

ለእኛ ለመምህራንና ለኃላፊዎች የቀረው ደግሞ ዓይናችንን ማስለመድ ነው። በየካቲት ቢጫ የሆነ ግቢ ሲያይ «ተንከባካቢ የለውም» የሚል እንግዳ ቢመጣ አትክልተኛውን አንውቀስ፤ እንግዳውን በሐምሌ እንዲመለስ እንጋብዘው። እኔም ያን ጊዜ ለጠየቁኝ ሰዎች መመለስ የነበረብኝ ይህንኑ ነበር፤ በየካቲት ምረቃችሁን በማንጎው ጥላ ሥር አድርጉ፣ ሣሩን በሰኔ እንትከል።